ከጎበሳ ወደ ባንጁል

አያቷ አልመርቅም ብሏል። በእኛ ቤት ደግሞ የአያት ምርቃት ሳይዙ ሩቅ አገር መሄድ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ እኔና የወንድሜ የልጅ ልጅ አሰላ መናኸሪያ ቆመን የጎበሳ መኪና እንጠብቅ ነበር። ከነርስነት ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ የአሰላ የጥር ብርድ ደግሞ ሰው መርጦ የሚገባ ይመስለኛል። እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ስስ ሹራብ ለብሳ፣ ከረዳቱ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ለእኔ አስለቀቀችልኝ። የሕግ ምሩቅ መሆኗን ያን ጊዜ አመንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈለገች። በመጨረሻ የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ በሚባለው በኩል ለአንድ ዓመት ጋምቢያ፣ ባንጁል ሄዳ በሰብዓዊ መብት ሥራ እንድታገለግል ተመረጠች። በስልክ ስትነግረኝ እልል አልኩ። ቀጥዬ «ደመወዙስ ስንት ነው?» አልኳት። እውነቱን ልናገር እንጂ፣ ሁለተኛው ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

«እትዬ፣ በጎ ፈቃድ እኮ ነው» አለችኝ። «የአውሮፕላን ትኬት ይችሉኛል፤ ለቤትና ለምግብ የሚሆን መጠነኛ የወር አበል አለ፤ የጤና መድን አለ። ሌላ የለም።»

አያቷን ያስቆጣው ይህ «ሌላ የለም» ነው። እናቷ፣ ማለትም የወንድሜ ልጅ፣ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ አሥራ አራት ዓመቷ። ልጅቷ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ደብተርም፣ ጫማም፣ የዩኒቨርሲቲ ላፕቶፕም የመጣላት ከቤሩት ነው። ይህን ጋዜጣ ከምታነቡ ወላጆችና አያቶች መካከል በዚህ ኑሮ ውስጥ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በእኛ ሰፈር ልጅ ውጭ አገር ሄደ ማለት በወሩ መጨረሻ ባንክ መሄድ ማለት ነው። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ በነጻ ላገልግል ብሎ ውጭ መሄድን ወንድሜ ከየት ሰምቶት ያውቃል?

መኪናው ሞላና ተነሳን። ከአሰላ ወደ ደቡብ ሲወጡ ጭላሎ በግራ በኩል ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ግን ጉም ለብሶ የቅርብ ኮረብታ ይመስላል። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ተከምሯል። በየመንገዱ ዳር ፈረስ አለ፤ አርሲ ያለ ፈረስ አርሲ አይደለም። ሕፃናት ሲሮጡ ስታዩ ደግሞ ለጨዋታ ይሁን ለኦሎምፒክ አይለይም፤ ኃይሌ ከአሰላ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ አካባቢ የወጡት ከዚሁ ደጋ ነው።

በልጅነቴ «ውጭ አገር» ማለት ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ነበር እንጂ እኛ የምንሄድበት አልነበረም። እንግሊዝኛ ያስተማረን ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ነበር። እነዚህ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ወደ 280 የሚጠጉ ነበሩ፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች። መምህራችን አማርኛ ሲናገር እንስቅበት ነበር። አሁን ሳስበው ዕድሜው ከዚህች ልጅ አይበልጥም። እናቱስ ምን ብላው ይሆን?

ከዚያ ደግሞ ስዊድኖች መጡ። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ፣ መንግሥታችን ከስዊድን ጋር ተስማምቶ፣ እኛ ካዱ የምንለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የሚታለብ ድቅል ላም፤ ይህን ሁሉ ያመጡት እነሱ ናቸው። ዛሬ አርሲ የስንዴ አገር የተባለው ብዙው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በተሠራ ሥራ ነው። ስለ ካዱ ለልጅቷ መንገድ ላይ ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችኝና «አባባ ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚነግሩኝ» አለችኝ። እሱንም አውቃለሁ። ጎበሳ ስንደርስ እንደሚያነሳው ስለማውቅ ዝም አልኩ።

ሳጉሬን አልፈን ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ተራራውን ስንሻገር አየሩ ይበልጥ ቀዘቀዘ፤ ረዳቱ መስኮት ዝጉ አለ። ከተራራው ማዶ ምድሩ ወደ ዋቢ ሸበሌ እየወረደ ይሄዳል። ወንዙ የሽርካ ወረዳ ወሰን ነው፤ ከሱ ባሻገር ባሌ ነው። የወረዳው ከተማ ጎበሳ ነው። ጎበሳን ያላየ ሰው ምን ይመስላል ቢለኝ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጋሪ ፈረስ፣ የገበያ ቀን አቧራ፣ ከሁሉም ቤት የሚወጣ የተቆላ ገብስ ሽታ እለዋለሁ። ወንድሜ በመምህርነት ተመድቦ የመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ፣ እዚሁ ሚስቱን ቀብሮ ቀረ።

ጋሼ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እኔን ሦስት ጊዜ ሳመኝ፤ ልጅቷን ግንባሯን ሳማትና ፊቱን አዞረ። ቡና ቀርቦ ነበር። ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት አሮጊት፣ ልጅቷ አኮ የምትላቸው፣ ልጆቹን ሁሉ በእጃቸው ያሳደጉ ናቸውና እሳቸውም ተጠርተው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። አማርኛ ይሰማሉ፤ የሚናገሩት ግን በኦሮምኛ ነው።

አቦል ሳይጠጣ ጋሼ ጀመረ። «እናትሽ አሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረችው አንቺ ደመወዝተኛ እንድትሆኚ ነው። ወንድሞችሽ ገና ተማሪ ናቸው። አንቺ ደግሞ አንድ ዓመት በነጻ?»

«አባባ፣ አንድ ዓመት ነው። ስመለስ ከዚህ የተሻለ ሥራ አገኛለሁ።»

«እሺ እሱ ይቅር። ሄደሽ ማንን ልትረጂ ነው? ቋንቋቸውን አታውቂ። የሞተችው አያትሽ አባት የማን ጭሰኛ እንደነበር ታውቂያለሽ? ስዊድኖቹም ሊረዱን ነው የመጡት። ጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ክፋት አልነበረባቸውም። ማዳበሪያ መጣ፣ ትራክተር መጣ፣ ስንዴ ዋጋ አወጣ። ባለ መሬቱም ለምን ከጭሰኛ ጋር እካፈላለሁ፣ በትራክተር አርሼ ሁሉንም እወስዳለሁ አለ። አማቴ አሥራ ሰባት ዓመት ካረሰው መሬት በአንድ በልግ ውጣ ተባለ። ይህን ያመጣው ክፉ ሰው አይደለም። መጀመሪያ ጭሰኛውን ጠርቶ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው።»

ጋሼ የሚናገረው የቤተሰብ ተረት ብቻ አይደለም። በጭላሎ በዚያ ዘመን ሜካናይዜሽን ብዙ ጭሰኞችን ማፈናቀሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ስዊድኖቹ ራሳቸው በኋላ ነገሩን አይተው የጭሰኛውን መብት የሚያስጠብቅ ሕግ ይውጣ ብለው መንግሥትን ወጥረዋል፤ ሕጉ ግን ፓርላማ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። ጭሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። ለአማቱ ግን ዘግይቷል።

ልጅቷ አልተከራከረችም። «አባባ፣ ልክ ነዎት» አለችና ስልኳን አውጥታ እናቷን በኢሞ ደወለች። ይህ የተዘጋጀበት ነገር ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። የወንድሜ ልጅ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ የሰው ወጥ ቤት ይታያል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«አባዬ፣ ይመርቋት» አለች። «በ2012 ዓ.ም. እዚህ ገንዘባቸው ሲወድቅ አሠሪዎቹ ሴቶቹን ያለ ደመወዝ ከነሻንጣቸው አምጥተው ኤምባሲያችን በር ላይ እየጣሏቸው ሲሄዱ እኔም ሥራ አጥቼ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነበር። ሩዝና ዘይት ይዘው በር ያንኳኩት የእኛው ልጆች ናቸው። እኛ ለእኛ በስደት ይባላሉ። ቀን ሰው ቤት ይሠራሉ፣ ያችኑ የዕረፍት ቀናቸውን ለኛ ይሰጣሉ። ደመወዝ የላቸውም። ሩዙ አይደለም ያስለቀሰኝ። አንዷ ደብተር አውጥታ "ስንት ወር ነው ያልተከፈለሽ? ፓስፖርትሽ ማን እጅ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ የሆነ ሰው ጠራትና ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ስኒውን አስቀመጠ። ብዙ ቆይቶ፣ «እሺ፤ ግን እዚሁ አገሯ ሆና አትሠራውም?» አለ። ይህኛው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም በልቤ ስጠይቀው የነበረ ነው።

መናገር ያልፈለግሁትን የተናገርኩት እዚህ ላይ ነው። ለአርባ ሁለት ዓመት ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ቢሆን።

በ1974 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ የተመደብኩት በዚሁ በአርሲ ደጋ በአንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። አንድ ቀን ወደ ማታ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት አንዲት ልጅ በፈረስ ላይ አምጥተው አወረዱ። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ደም ይፈሳታል። «ከፈረስ ወድቃ ነው» አሉ። አንድ ነርስ ከፈረስ የወደቀችን ልጅ ከዚህች ልጅ ለመለየት የሁለት ዓመት ልምድ አያስፈልጋትም። ሰፋሁላት፣ ደሙን አቆምኩ። ጎንበስ ስል ጆሮዬ ላይ «እናቴ ጋ መልሽኝ» አለችኝ። በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ደግሞ «ሽምግልና ተቀምጠናል፣ ነገሩ አልቋል፣ የኔ ልጅ አንቺ ቁስሉን ብቻ እይ» አሉኝ።

ካርዱ ላይ «ከፈረስ ወድቃ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወሰዷት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ብቻዬን ነበርኩ፤ ፈራሁ። ሕጉም ቢሆን ያኔ አያግዝም ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ነጻ ይለቀው ነበር። ያ አንቀጽ የቀረው አዲሱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ካርዱን የጻፈው ግን ሕጉ አይደለም።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ እጄን ይዛ፣ ለአያቷ በዝግታ ተናገረች። ባንጁልን የመረጠችበትን ምክንያት እኔም ያኔ ነው በደንብ የሰማሁት።

በ1993 ዓ.ም. በዚሁ በአርሲ፣ በጉና ወረዳ፣ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ልጅቷ ግን ዝም አላለችም፤ ከሰሰች። በ1995 ዓ.ም. ጠላፊው አሥር ዓመት፣ ተባባሪዎቹ ስምንት ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። በወራት ውስጥ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ሁሉንም ለቀቃቸው። አገር ውስጥ የቀረ በር ሁሉ ከተንኳኳ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ጉዳዩ ባንጁል ለሚቀመጠው ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ቀረበ። ኮሚሽኑ በ2015 ኢትዮጵያ የልጅቷን መብት አላስጠበቀችም ብሎ ወሰነ፤ 150,000 ዶላር ካሳ እንድትከፍልም ጠየቀ።

«አባባ፣ የአርሲ ልጅ አቤቱታ ነው ባንጁል ድረስ የሄደው» አለች። «እዚያ ያለ ሰው የኛን ቋንቋ አያውቅም ነበር። የኛን አገር አያውቅም ነበር። ግን ወረቀቱን አነበበው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እውነት ስለነበረ ነው። እኔ የምሄደው ያንን ለመማር ነው፤ አቤቱታ እንዴት እንደሚሰማና እንዴት እንደሚጻፍ። ተመልሼ እዚሁ እሠራዋለሁ።»

ከዚያ በፊትም በ1989 ዓ.ም. በዚሁ በአርሲ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና አዲስ ሳለ ነጻ ጥብቅና ቆሞላት ራሷን መከላከሏ ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚያ ታሪክ ነው። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ያኔ ያለ ክፍያ የቆሙት ጠበቆች እናቶች ምን ብለዋቸው ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ዛሬ የእናቶችን ነገር ነው የማስበው መሰለኝ።

እስከዚያ ድረስ አኮ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። እንደ ተቀመጡ ወደ እኔ ዞሩ። በኦሮምኛ ያሉኝን በአማርኛ ልጻፈው፦ «ያኔ ለምን አልጮህሽም?»

መልስ አልነበረኝም።

አኮ ተነስተው ወጡ። ተቀየሙ ብዬ ስደነግጥ፣ ከቤታቸው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ከእጅ ብዛት ያበራ በትር ይዘው ተመለሱ። ሲንቄያቸው ነው። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ነው። ለመምቻ አይደለም። ያገባች ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮሃለች፤ ጩኸቱን የሰማች ሴት ሁሉ ሊጥ ላይ ብትሆንም፣ ልጅ እያጠባች ብትሆንም ትታ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። ሰብሰብ ብለው በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ። ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ጥፋቱ ታምኖ፣ ካሳው ተቆርጦ ካልሆነ በስተቀር ወደ ቤታቸው አይገቡም። እኔም በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ሰው አራስ ሚስቱን መትቶ፣ ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች በማለዳ ሜዳውን ሞልተው ሲዘምሩ፣ ያ ሰው በገዛ ደጁ መውጫ አጥቶ ነበር። ሴትየዋን ያከምኳት እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ ካርድ ላይ ምንም መደበቅ አላስፈለገኝም።

«እኛ እኮ ቅርብ ነበርን» አሉኝ አኮ። «ከፈረስ ወደቀች ስትሉን፣ ማረን አልን፣ ተኛን። ቢነገረን እንወጣ ነበር።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው ሲንቄውን እጇ ላይ አስነኳት። አልሰጧትም፤ የሚሰጠው በሠርግ ነው። አስነክተዋት መልሰው ያዙት። «ሂጂ። የምትጮህ ስታገኚ ስሚያት» አሏት።

ጋሼ ያኔ ተነሳ። ልጅቷ ልትንበረከክ ስትል ግን በእጁ አገዳትና አንድ ጥያቄ ጠየቃት።

«ፓስፖርትሽን እዚያ ማን ነው የሚይዘው?»

«እኔው ነኝ አባባ። ውሉ ላይ ተጽፏል።»

«አሳዪኝ።»

ውሉን ከቦርሳዋ አወጣች። እንግሊዝኛ ነው፤ ጋሼ ግን አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው፤ መነጽሩን አድርጎ ገጽ በገጽ አነበበው። የመመለሻ ትኬት የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። የጤና መድን የሚለውን ለእኔ አሳየኝ። ሲጨርስ አጣጥፎ መለሰላትና መረቃት። የመረቃትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ የራሷ ነው። ረጅም ነበር፤ እናቷን ሁለት ጊዜ አነሳት።

ልጅ ለምትልኩ ወላጆች በነርስነቴ አንድ ሁለት ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ከአፍሪካ አገር ወደ አፍሪካ አገር ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባትና ያቺ ቢጫ ካርድ ትፈለጋለች። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ በመጨረሻው ቀን አይሆንም። የደጋ ልጅ ደግሞ ወባን አታውቀውም። ጎበሳ ያደገ ልጅ ገላው ለወባ የለመደ አይደለም፤ ጋምቢያ ደግሞ ቆላ ናት፤ በክረምት ወባዋ ይበረታል። የመከላከያ ክኒኑን ከሐኪም አማክራ፣ አጎበር ይዛ ሄደች። ትኩሳት ከያዘሽ ነገ አይባልም፣ የዚያኑ ቀን ደም ተመርመሪ ብዬ በወረቀት ጽፌ ሻንጣዋ ውስጥ ከትቻለሁ። ሦስት ቦታ ነው የከተትኩት፤ ሁለቱን አውጥታ ጥላዋለች መሰለኝ።

አኮ ደግሞ ጭኮ ሠሩላት። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅመም ቅቤ ታሽቶ፣ በክዳን ዕቃ ተጠቅጥቆ። ለወራት አይበላሽም። ድሮ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ስንቅ ነበር፤ አሁን በአውሮፕላን ሄደ። ቦሌ ላይ ፈታሹ ይህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃት ሽታው ስለነገረው ሳያስጨርሳት ፈገግ ብሎ አሳለፋት አለችኝ።

የሄደችው ሚያዝያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ወር ወረቀት ኮፒ ማድረግና ፋይል መደርደር ብቻ ነበር፤ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። እኔም የመጀመሪያውን ወር አልጋ ሳነጥፍ እንደነበር ነገርኳት። ባንጁል ትንሽ ከተማ ናት፤ ጋምቢያም ራሷ በወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ በሦስት ወገን ሴኔጋል የከበባት፣ በአህጉሩ ዋና ምድር ላይ ከሁሉም ያነሰች አገር ናት። ሆኖም ይህችው ትንሽ አገር በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ምያንማርን በሮሂንጋዎች ጉዳይ ሔግ ላይ የከሰሰች ናት። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ጋምቢያዊት የሆነች ያህል ትኮራለች።

ሐምሌ ላይ አሰላ ቤቴ ጋሼን ለዓይን ሕክምና አምጥተነው ሳለ ደወለች። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንዲት አንጋፋ የሥራ ባልደረባዋ ጎን ተቀምጣ የአንዲት ሴት ቃል ጽፋለች። ሴትየዋ በማንዲንካ ትናገራለች፣ አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፣ እሷ ትጽፋለች። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ የተጻፈውን መልሰው አነበቡላት፤ ሴትየዋ ሁለት ቦታ «እንዲህ አላልኩም» ብላ አረመቻቸው።

«አረማችሁት?» አልኳት።

«አረምነው እትዬ። ከዚያ ፈረመች።»

ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ስለ ሥራው የሚጠይቃት መስሎኝ ነበር። «ዝናብ አለ ወይ እዚያ?» አላት።

«አለ አባባ፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ።»

«ጭኮውስ?»

«አለቀ። ሴኔጋላውያኑ ናቸው የጨረሱት።»

ስልኩን መለሰልኝና፣ ወደ ባንጁል ዕቃ በምን እንደሚላክ ጠየቀኝ።